አፍ የሚያውቀውን ወረቀት ሲክደው፦ የኒም ዛፍ ክርክርና የእኛ እንዶድ

የኒምን ቅጠል አንዴ ያኘከ ሰው ጣዕሙን አይረሳውም። መራራ ነው፣ እንደ ኮሶ። ውኃ ቢጠጡበትም ምላስ ላይ ይቀራል። እኔ የቀመስኩት ድሬዳዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለኝ አንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተጠጋሁ። እዚያው ሻይ የሚያፈሉ እናት ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ቀጭን ቅጠል ቀነጠሱና «ቅመሰው ልጄ፣ ኒም ነው፣ ለቆዳ ብትል ለትንኝ ብትል» አሉኝ። ማን እንዳስተማራቸው ስጠይቃቸው ሳቁ። «ማን ያስተምራል? ይታወቃል እንጂ።»

ይህ «ይታወቃል» የምትለው ቃል ናት ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ።

ኒም የህንድ ዛፍ ነው። ቆላ ይወዳል፣ ድርቅ ይችላል። ጋምቤላም አፋርም ታገኙታላችሁ። ሐጅ ያደረጉ ወገኖቻችን አረፋት ሜዳ ላይ ከፀሐይ የተጠለሉበትም ይኸው ዛፍ ነው፣ እዚያ 50,000 ያህል ኒም ተተክሏል። ህንድ ውስጥ ግን ከጥላ በላይ ነው። ጠዋት ቀንበጡን ቆርጦ ጫፉን አኝኮ ጥርሱን የሚፍቅ ሰው በየመንደሩ አለ፣ ልክ እንደኛ የወይራ መፋቂያ። ጉድፍ የወጣበት ልጅ ሲተኛ ቅጠሉ ከሥሩ ይነጠፍለታል። እህል ጎተራ ውስጥ ነቀዝ እንዳይገባ ቅጠሉ ይጨመራል፣ ልብስ መሀልም ይደረጋል። በደቡብ ህንድ የአዲስ ዓመት ቀን የኒም አበባ ከሸንኮራ አገዳ ከሚሠራ ጥቁር ስኳር ጋር ተቀላቅሎ ይበላል፣ መጪው ዓመት መራራም ጣፋጭም አለው ለማለት። በሳንስክሪት ከስሞቹ አንዱ አሪሽታ ነው፣ ከበሽታ የሚገላግል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ዛፍ በተመለከተ በ1994 የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት አንድ ፓተንት (በአንድ ፈጠራ ለብቻ የመጠቀም መብት) ሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ባለመብቶቹ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትና ደብልዩ አር ግሬስ የተባለ የኬሚካል ኩባንያ ነበሩ። ያስመዘገቡት «ፈጠራ» ደግሞ በአጭሩ ይህ ነው፦ ከኒም ፍሬ ዘይት ታወጣለህ፣ ዘይትና ውኃ የሚያዋህድ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ትጨምርበታለህ፣ በውኃ ታቀጥነዋለህ፣ ተክል ላይ ትረጨዋለህ፣ ፈንገስ ይከላከላል።

የህንድ ገበሬ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ መገመት አይከብድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት አለብኝ፣ ምክንያቱም ይህ ታሪክ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዞር ሁልጊዜ ተጋንኖ ነው የሚመጣው። «አሜሪካ የኒምን ዛፍ የራሷ አደረገች፣ ህንዶች ዛፋቸውን እንዳይነኩ ተከለከሉ» ይባላል። እንደዚያ አይደለም። ዛፍ ራሱ ፓተንት አልተደረገም። ፓተንት የሚሠራው ደግሞ በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው፣ የአውሮፓ ፓተንት ህንድ ውስጥ ያለን ገበሬ ከማሳው አያስወጣውም። ችግሩ ሌላ ነው። ያ ህንዳዊ ወይም የሚሠራበት ትንሽ ፋብሪካ ያንኑ ርጭት ሠርቶ አውሮፓ ውስጥ ልሽጥ ቢል፣ ከአያቱ በተማረው ነገር ፈቃድ ሊጠይቅና ሊከፍል ነው። ከገንዘቡም በላይ ግን ወረቀቱ ላይ የሰፈረችው አንዲት ቃል ነች የምታመው፣ «አዲስ» የምትለው። የማይታወቅ ነገር ነበር፣ እኛ አገኘነው ማለት ናት። «ይታወቃል» ያሉኝ እናት ለምን ትዝ እንዳሉኝ አሁን ገባችሁ መሰለኝ።

ለፍትሕ ሲባል መባል ያለበትንም ልበል። ኒም ላይ የውጭ ሳይንቲስቶች የሠሩት ሁሉ ዘረፋ ነው የሚል ሰው አያሳምነኝም። በ1959 ሱዳን ውስጥ የነበረ ሃይንሪሽ ሽሙተረር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ የበረሃ አንበጣ መንጋ አካባቢውን ሁሉ ሲያራቁተው የኒም ዛፎችን ግን ሳይነካ ማለፉን አየ። ከዚያ ወዲህ ነው ምርምሩ የጠነከረው። በ1968 እንግሊዝ ውስጥ ከፍሬው አዛዲራክቲን የተባለው ንጥረ ነገር ተለየ። ይህ ነገር ተባይን ወዲያው አይገድልም። ተባዩ ቅጠሉን እንዳይበላ ያደርገዋል፣ ከበላም ሆርሞኑን ያዛባበትና እያደገ ሲሄድ ቆዳውን መቀየር ያቅተዋል። በጣም ውስብስብ ስለሆነ ካምብሪጅ ውስጥ የስቲቨን ሌይ ቡድን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቶ ለመጨረስ 22 ዓመት ፈጅቶበታል፣ የተሳካው በ2007 ነው። ይህ ሥራ ነው፣ ላብ የፈሰሰበት ዕውቀት ነው። ያ ንጥረ ነገር ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርግ አዲስ ዘዴ ያገኘ ሰው ለዘዴው ዋጋ ቢጠይቅ አልቃወምም። ዘይቱን ከውኃ ጋር ረጭቶ ፈንገስ መከላከል ግን ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የተቃወሙትም ይህንኑ ነው ያሉት። በ1995 ሦስት ወገኖች አንድ ላይ ሆነው ጀርመን ሙኒክ ለሚገኘው የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት አቤት አሉ። ከህንድ የአካባቢ ተሟጋቿ ቫንዳና ሺቫ፣ ከአውሮፓ ፓርላማ የአረንጓዴዎቹ ቡድን ቤልጂየማዊቷ ማግዳ ኤልቩት፣ ከዓለም አቀፉ የኦርጋኒክ ግብርና ንቅናቄ ደግሞ ሊንዳ ቡላርድ ነበሩ። ሦስቱም ሴቶች ናቸው። አምስት ዓመት ተከራከሩ።

ከዚህ ሁሉ ክርክር እኔ ቆም ብዬ የማየው አንድ ሰው ነው፣ አብሃይ ፋድኬ። ፈላስፋ አይደለም፣ ታጋይም አይደለም፣ የኒም ውጤት የሚያመርት የህንድ ፋብሪካ ኃላፊ ነው። በግንቦት 2000 ሙኒክ ድረስ ሄዶ መሰከረ። ተቃዋሚዎቹ «ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል» ሲሉ ዳኞቹ በትህትና ሰምተዋቸው ይሆናል፣ ፋድኬ ግን የመጣው ቀንና ቦታ ይዞ ነው። በ1985 እና በ1986፣ በምዕራብ ህንድ ማሃራሽትራ ግዛት፣ ፑኔና ሳንግሊ በሚባሉ ወረዳዎች፣ ገበሬዎች ቆመው እያዩ የኒም ዘይት ውጤት ለፈንገስ ሞክረናል አለ። ይህ ከፓተንቱ ማመልከቻ በፊት ነው። አዲስ ነው የተባለው ነገር አዲስ እንዳልነበረ የሚያሳይ፣ ሊጠየቅና ሊመረመር የሚችል ምስክርነት ነበር። ፓተንቱ ተሰረዘ። ባለመብቶቹ ይግባኝ አሉ፣ ያም መጋቢት 8 ቀን 2005 ውድቅ ሆነ። የሴቶች ቀን ነበር።

አስቡት፣ አቤቱታው ከገባ አሥር ዓመት። ለአንዲት ወረቀት። ሺዎች ፓተንቶች በየዓመቱ በሚሰጡበት ዓለም አንድ አገር ስንቱን እየተከታተለ እንዲህ ይሟገታል?

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነበር። የዚያን ጊዜው ሕግ አንድ ነገር ሌላ አገር ውስጥ ቢታወቅና ቢሠራበት እንኳ፣ በጽሑፍ ካልታተመ ወይም ፓተንት ካልወጣበት በስተቀር፣ እንደማይታወቅ ነው የሚቆጥረው። አንድ ሚሊዮን ገበሬ በየቀኑ ቢያደርገው አይቆጠርም፣ አንድ የታተመ ገጽ ግን ይቆጠራል። ይህ የተለወጠው በ2011 በወጣውና በ2013 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ነው። ህንዶች ይህን ቀድመው የተረዱት በእርድ ነው። ወጥ ቤታችን ውስጥ ያለው እርድ ማለቴ ነው። በ1995 የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል እርድ ቁስል ለማዳን በሚል ፓተንት ወሰደ። የህንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ሲሟገት «እናቶቻችን ቁስል ላይ ያደርጉታል» ብሎ አልቆመም። የጥንት የሳንስክሪት ጽሑፍና በ1953 የህንድ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በ1997 ፓተንቱ ተሰረዘ።

ከእነዚህ ሁለት ክርክሮች በኋላ ህንድ ያደረገችው ነገር ነው እኔን የሚያስቀናኝ። በየፍርድ ቤቱ ከመሮጥ በፊት ዕውቀቱን ራሱን መመዝገብ። በ2001 የባህላዊ ዕውቀት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። በሳንስክሪት፣ በታሚል፣ በአረብኛ፣ በፋርስኛና በኡርዱ የተጻፉ የጥንት የሕክምና መጻሕፍትን ቀመር በቀመር እየለዩ ወደ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽና ጃፓንኛ መለሱ። ለምን እነዚህ ቋንቋዎች? የፓተንት መርማሪዎች የሚያነቡት እነሱን ስለሆነ ነው። ማመልከቻ ሲመጣ መርማሪው እዚያ ገብቶ ይፈልጋል፣ ካገኘው «ይህማ ይታወቃል» ብሎ ይመልሰዋል። የድሬዳዋዋ እናት ቃል በመዝገብ ቁጥር ማለት ነው።

አንድ ብልህ ነገርም አድርገዋል። መዝገቡን መጀመሪያ ለሁሉም ክፍት አላደረጉትም፣ ምስጢር ለመጠበቅ ለፈረሙ የፓተንት ቢሮዎች ነው የከፈቱት። እኛ ዘንድ የባህል ሐኪሞች መድኃኒታቸውን የማይናገሩት ስስታም ስለሆኑ ነው የሚል ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው። የተገለጠ ዕውቀት ለሌባም መንገድ ያሳያል። ፍርሃታቸው ልክ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መጻፉ ላይ ብቻ አያልቅም፣ ቁልፉ ማን እጅ ይሁን የሚለው አብሮ ይመጣል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ውስጥ የቢልሃርዚያ ጥናት ላይ ነበሩ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ነጠላና ጋቢ ያጥባሉ። እሳቸው ያዩት ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ትንሽ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ከዚያች ወንዝ ዳር የረዥም ጊዜ ምርምር ተጀመረ፣ በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሚቀጥለው ግን ብዙ አይወራም። አሜሪካ ውስጥ ታላላቆቹ ሐይቆች ላይ ዜብራ መስል የሚባል ትንሽ ዛጎል ያለው የውኃ እንስሳ የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ አስቸገረ። እንዶድ ይገድለዋል። በ1993 የኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በእንዶድ ዜብራ መስልን ስለመቆጣጠር ፓተንት አገኘ። በሕጉ ዓይን ይህ ከኒሙ ይለያል፣ ዓድዋ ላይ ዜብራ መስል የለም፣ አጠቃቀሙ አዲስ ነው ሊባል ይችላል። ግን እንዶዱ የማን ነበር? እንዶድ ውኃ ውስጥ ያለ ነገር እንደሚገድል መጀመሪያ የታየው የማን እጅ ላይ ነው?

ጤፉን ደግሞ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ኢትዮጵያ ውል ተፈራረመች፣ ጥቅም ልንካፈል። ኩባንያው በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፣ በ2009 ከሰረ፣ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተሻገረ። ውሉ የታሰረው ከከሰረው ጋር ነበር። ፓተንቱ የሚለው በአጭሩ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ ሲፈጭ ዱቄቱ የተሻለ ይሆናል ነው። አዲስ ጤፍና የከረመ ጤፍ አንድ እንዳልሆነ የማታውቅ እንጀራ ጋጋሪ ካለች አምጡልኝ። በ2018 ሔግ ያለ ፍርድ ቤት ፈጠራ የሚባል ነገር የለበትም ብሎ የሆላንዱን ፓተንት ውድቅ አደረገው። ደስ ብሎን ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ልብ በሉ፣ እዚያ ችሎት የተከራከሩት ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ናቸው። ተከሳሹ ራሱን ሲከላከል እኛ ነጻ ወጣን። ህንድ በራሷ ምስክር አሸነፈች፣ እኛ በሰው ክርክር።

ሕግ የለንም እንዳልል አለን። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን (ማለትም ለመጠቀም መውሰድን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የማኅበረሰቡን መብት ያውቃል፣ ያለ ፈቃድ ተክልም ዕውቀትም እንዳይወጣ ይላል። አዋጅ ግን ድንበር አይሻገርም። ሙኒክ የተቀመጠ መርማሪ የእኛን አዋጅ አይደለም የሚመለከተው፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚመጣለትን መረጃ ነው።

ጉዳዩን አሁን ያነሳሁት ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ግንቦት 24 ቀን 2024 ጄኔቫ ላይ የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገሮች አንድ ስምምነት አጽድቀዋል። የመጀመሪያው ሐሳብ በኮሎምቢያ የቀረበው በ1999 ነው፣ ሩብ ክፍለ ዘመን ፈጀ። የሚለው ቀላል ነው፦ ፈጠራህ በአንድ ተክል ወይም ሌላ የጄኔቲክ ሀብት ላይ ከተመሠረተ ከየት አገር እንዳመጣኸው ጻፍ። ከባህላዊ ዕውቀት ከተነሣ ዕውቀቱ የየትኛው ሕዝብ ወይም ማኅበረሰብ እንደሆነ ጻፍ። ሥራ ላይ የሚውለው 15 አገሮች ሲቀበሉት ነው።

ጥሩ ጅምር ነው። ቀዳዳዎቹን ግን ማየት አለብን። አንደኛ፣ ምንጩን ጻፍ ይላል እንጂ ክፈል አይልም፣ ጥቅም መጋራት ለሌላ ሕግ የተተወ ነው። ሌላው ቀዳዳ የባሰ ነው፦ አመልካቹ ምንጩን ሳይጽፍ ቢቀር በዚያ ብቻ ፓተንቱ አይሰረዝበትም፣ ሆን ብሎ ለማጭበርበር ካላደረገው በስተቀር። ማጭበርበሩን ማስረዳት ደግሞ የከሳሹ ዕዳ ነው፣ ተመልሰን የኒሙ አሥር ዓመት ውስጥ መግባታችን ነው። ወደኋላም አይሠራም፣ ቀደም ብለው የገቡ ማመልከቻዎችን አይነካም። ስለዚህ ስምምነቱ መጣ ብሎ መተኛት አይቻልም፣ የራስ መዝገብ ከሌለ «ምንጩ የእኛ ነው» ብሎ የሚከራከር ሰው ባዶ እጁን ነው የሚቆመው።

ስለ መዝገብ ስናወራ ሌላ ነገርም አለ፣ ከፓተንት ጋር የማይገናኝ ግን ሰው የሚያድን። የኒም ዘይት አሁን በየስልካችን «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» እየተባለ ሲተዋወቅ አያለሁ። እውነት አይደለም። ቀንበጡን ማኘክና ዘይቱን መጠጣት አንድ አይደሉም። በ1981 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ዘገባ ማሌዥያ ውስጥ ለሕፃናት ተብሎ የኒም ዘይት የተሰጣቸው ልጆች እንዴት እንደተመረዙ ያሳያል፣ ማስታወክ፣ መፍዘዝ፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ። የተሰጣቸው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ለሕፃን የኒም ዘይት በፍጹም አታጠጡ፣ ነፍሰ ጡር ሴትም አትጠጣው፣ ዓረብ አገር ወይም ሌላ ቦታ ሆናችሁ ጠርሙሱን ለቤተሰብ የምትልኩም ይህን አብራችሁ ንገሯቸው። «ይታወቃል» የሚባለው ዕውቀት ሙሉ የሚሆነው የትኛው ክፍል፣ ስንት፣ ለማን፣ ለማንስ አይሆንም የሚለው አብሮ ሲያዝ ነው። ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠፋው መጠኑ ነው። አሮጌዎቹ የግዕዝ የመድኃኒት መጻሕፍት ይህን ስለሚያውቁ ነው ተክሉን ብቻ ሳይሆን አዘገጃጀቱንም የሚጽፉት።

ያንን የጄኔቫ ስምምነት ሳነብ የማመልከቻው ቅጽ ላይ የምትኖረዋ ባዶ ቦታ ትታየኛለች፣ «የዕውቀቱ ምንጭ» የምትለዋ። በ1993 ብትኖር ኖሮ ስለ እንዶድ ምን ይሞላባት ነበር? አገሩ ይታወቃል፣ ኢትዮጵያ። ከተማው ይታወቃል፣ ዓድዋ። ዓመቱም ይታወቃል። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ግን እነዚያ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው እንዶዱን ሲወቅጡና ነጠላ ሲያሹ የነበሩት «ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች» ተብለው ነው የሚታለፉት።